ለሽምግልና የተገጠመ ቸርኬ

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ላስጨብጣችሁ፤ ስሌቴ ትክክል ነበር። ባለቤቴም፣ ጎሚስታው ጌጡም፣ ሦስት ሽማግሌዎችም፣ ከገሳይ ሕዝብም ግማሹ ሌላ ሌላ ሊያወሩላችሁ ይችላሉ። አትስሟቸው። እኔ ደብረ ታቦር ውስጥ ዐሥራ አራት ዓመት ሒሳብ ያስተማርሁ ሰው ነኝ፤ ክፍልፋይ መደመር ያቃተው ሁሉ ተነሥቶ ስለ ቸርኬ ስፋት ሊመክረኝ አይችልም። ስሕተት አልነበረም አልልም፣ ነበር። ነገር ግን ከቁጥሩ ውስጥ አልነበረም። ከየት እንደመጣ ስንደርስበት ታዩታላችሁ፤ መንገዱ ዳገት ስለሆነ ቀስ እያልን እንሂድ።

ነገሩን ያመጣው ታናሽ ወንድሜ ደሳለኝ ነው። ደሳለኝ ገሳይ ውስጥ የግብርና ባለሙያ ነው። ለገበሬ የድንች ዘር ሲያከፋፍል ብርቱካን የምትባል የጤና ጣቢያ ነርስ አየና ድንቹንም ገበሬውንም ረሳ። እሷም ወደደችው። ችግሩ አባቷ ናቸው። ጋሼ አዳነ ይባላሉ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በወረታና በወልድያ መካከል ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው አሁን ቤታቸው የተቀመጡ ሰው ናቸው። ባለፈው ወር ሽማግሌ ልከን «እስቲ እናስብበት» ብለው መልሰውልናል። ይህ እንኳ ደንብ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁን ለመገላገል የቸኮለ ይመስላል። ያስፈራን ሌላ ነገር ነው። ለሁለተኛ ጊዜ ልንልክ ከቆረጥንበት እሑድ በሳምንቱ ከነፋስ መውጫ አንድ ነጋዴ ሽማግሌ እንደሚልክ ተሰማ። ደሳለኝ ደወለልኝ። ሠላሳ ዓመት የሞላው ሰውዬ፣ «ወንድም ጋሼ፣ እሷን ካጣሁ ሌላ አላገባም» አለኝ።

«አይዞህ፣ ለኔ ተወው» አልሁት። ይህን ቃል የምናገረው ነገሩን ጨርሼ ሳላውቀውም ጭምር ነው።

ስልኩን ሊዘጋ ሲል ነው አንዲት ነገር የጨመረልኝ። ጋሼ አዳነ ሰው የሚመዝኑት ከጎማው ጀምረው ነው አለ። ደጃቸው ላይ መኪና ሲቆም መጀመሪያ ጎማውን ያያሉ፣ ቀጥለው በእግራቸው ገፋ ያደርጉታል፣ ሰላም የሚሉት ከዚያ በኋላ ነው። ሽማግሌዎቹን ይዤ የምሄደው እኔ፣ የምንሄድባትም የኔ መኪና ነች። ያን ሌሊት አልተኛሁም ብላችሁ ዋሸሁ፤ ደኅና አድርጌ ተኛሁ፣ ጠዋት ስነሣ ግን መፍትሔው ተዘጋጅቶ ነበር።

መኪናዬን የምታውቋት ታውቋታላችሁ፤ የማታውቋት ብዙም አልቀረባችሁ። ትንሽዬ ነጭ የቤት መኪና ነች። ጎማዎቿ ቀጫጭኖች ስለሆኑ ከሩቅ ሲያዩዋት የታናሽ ወንድሟን ጫማ አጥልቃ የወጣች ትመስላለች። ይህችን ይዤ ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና በነዳ ሰው ደጅ ብቆም ወንድሜ ዕድሜ ልኩን ወንደላጤ ሆኖ እንደሚቀር ገባኝ። ስለዚህ ሰፊ ቸርኬ ልገጥምላት ወሰንሁ። ቸርኬ ማለት ለማታውቁት፣ ጎማው የሚለብስበት ብረቱ ነው፤ እሱ ሲሰፋ ጎማውም ይሰፋል፣ መኪናዋም እንደ ሰው ደረቷን ነፋ ታደርጋለች።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ያማረውን ቸርኬ ገዝቶ ይገጥምና ጎማው ወይ ከውስጥ መኪናዋን ከሚሸከመው ከሞላው፣ ወይ ከውጭ ጎማውን ከሚከልለው ከፓራፋንጎው ጠርዝ ጋር እየተፋተገ ጎማውንም ኪሱንም ይጨርሳል። ቸርኬ ሁለት ነገር አለው፤ ስፋትና ኦፍሴት። ስፋቱ ግልጽ ነው። ኦፍሴት የሚሉት ደግሞ በዳዶ የሚታሰርበት ፊቱ ከቸርኬው መሀል ምን ያህል እንደራቀ የሚናገር ቁጥር ነው፤ ጀርባው ላይ ተጽፎ ይገኛል። ቁጥሩ ሲበዛ ጎማው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሲያንስ ወደ ውጭ ይወጣል። በቃ ይኸው ነው። ይህን የሚያክል ቀላል ነገር ሰው ለምን እንደሚከብደው አይገባኝም፤ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼን በሰሌዳ ላይ ስዬ ሳስረዳቸው አንዲት ልጅ ብቻ እጇን አውጥታ ፈተና ላይ ይወጣ እንደሆን ጠየቀችኝ። ይወጣል አልኋት፣ አወጣሁትም፣ ስምንት ተማሪ አገኘው።

ለመለካት መጀመሪያ ክፍተቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ማስመሪያ ከጎማውና ከፓራፋንጎው መካከል አይገባም፣ ቢገባም ያጋድላል። ብልህ ሰው የሚለካው በሚለጠጥ ነገር ነው። ወደ ማድ ቤት ገባሁና ባለቤቴ ዓለሜ ለዳቦ ካቦካችው ሊጥ አንድ እፍኝ ቆንጥሬ ወጣሁ። ሊጡን ከክፍተቱ ውስጥ ጠቅጥቄ፣ ቀስ አድርጌ አውጥቼ፣ ውፍረቱን ለካሁ፤ ሠላሳ ሁለት ሚሊሜትር። አራቱንም ጎማ እንዲሁ አደረግሁ። ዓለሜ የሊጡ ነገር ግራ ገብቷት ስትወጣ ተንበርክኬ የኋላውን ግራ ጎማ እያጎረስሁ አገኘችኝ። ጥቂት ቆማ አየችኝና፣ ሰው ሚስቱን ያጎርሳል አንተ መኪና ታጎርሳለህ ብላ ተመልሳ ገባች። ዳቦው ያን ቀን አነሰ። ስለ ዳቦው አሁንም ይነሣብኛል።

ቀጥሎ ስሌቱ። አዲሱ ቸርኬ ከአሮጌው በአንድ ኢንች ተኩል ይሰፋል፤ ሠላሳ ስምንት ሚሊሜትር መሆኑ ነው። ስፋት ለውስጥና ለውጭ እኩል ስለሚካፈል ወደ ውጭ የሚወጣው ዐሥራ ዘጠኝ ነው። ኦፍሴቱ ደግሞ ከአርባ አምስት ወደ ሠላሳ አምስት ስለሚወርድ ዐሥር ይጨመርበታል። ድምሩ ሃያ ዘጠኝ። ክፍተቱ ሠላሳ ሁለት። ስለዚህ ሦስት ሚሊሜትር ይተርፈኛል፤ የአንዲት የገብስ ፍሬ ውፍረት። ከገብስ ፍሬ በላይ የሚፈልግ ሰው ስግብግብ ነው አልሁ፣ ባሕር ዳር ወርጄ የሚያብረቀርቁ ቸርኬዎችን ከነጎማቸው ጭኜ ተመለስሁ።

የገጠመልኝ ጎሚስታው ጌጡ ነው። ጌጡ ዝምተኛ ነው፣ ዳዶ አጥብቆ ሲጨርስ ብቻ ነው የሚናገረው። አራቱንም አጥብቆ ጨረሰና እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ጋሼ፣ ይህ ቸርኬ ብቻውን ለሚሄድ ሰው ነው» አለኝ። ሰው ሲበዛ መኪናዋ ዝቅ ብላ ጎማው ላይ ትቀመጣለች ማለቱ ነው። ሳቅሁበት። ለብቻው ለሚሄድ ሰው ታስቦ እንዳልተሠራ ላሳየው ብዬ በማግስቱ አራት አስተማሪዎች ጫንሁ፤ ከነሱ አንዱ ምሳውን ገና በልቶ የተነሣ ነው። ከፓራፋንጎው ጠርዝ ሥር ሊጥ ለጥፌ፣ ከኔ ጋር አምስት ሆነን ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ደርሰን ተመለስን። ሊጡ እንደተለጠፈ ተመለሰ፤ ጭረት እንኳ የለበትም። በመኪናዋ ሊብሬ ላይ «አምስት ሰው» ይላል፣ እኔም አምስት ሰው ጭኜ ፈትኛለሁ። ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ካለ ንገሩኝ።

እሑድ ደረሰ። ቅዳሴ ወጥተን ሦስቱን ሽማግሌዎች ከየቤታቸው ለቀምሁ። ከፊት መምሬ ይትባረክ ተቀመጡ፤ የነፍስ አባታችን ናቸው፣ ንግግር የሚከፍቱት እርሳቸው ናቸው። ከኋላ አንደኛው ጋሽ ሞገስ ናቸው፤ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። በሊብሬው ሒሳብ አንድ ሰው ናቸው፤ ወንበሩ ግን በዚህ አይስማማም። ከአጠገባቸው አጎቴ አያ ፈንታ ተቀመጡ፤ ገበሬ ናቸው፣ መኪና ውስጥም በትራቸውን አይለቁም። ከኔ ጋር አራት ሆንን። አንድ ወንበር ባዶ ነው፣ የገብስ ፍሬዬም በሰላም አለች። ጥቅምት ነው፣ ወደ ጉና በኩል ያለው ገብስ ቢጫ ሆኗል፣ ጎማዎቼ አስፋልቱ ላይ ሲንከባለሉ ድምፃቸው እንደ ሐር ነው። መምሬ ሳይቀሩ መኪናዋ ዛሬ ክብደት ያላት ሰው መሰለች አሉ። ደስ አለኝ፤ አልደብቃችሁም፣ በጣም ደስ አለኝ።

ከከተማው ወጣ እንዳልን አንዲት እማሆይ የጸበል ጀሪካን አዝለው ከመንገዱ ዳር ቆመዋል። እጃቸውን አላነሡም። እንዲያው ቆመው ብቻ አዩን። መምሬ «አቁም ልጄ» አሉ። ባይሉኝስ እኔ እማሆይን ከነሸክማቸው አይቼ ላልፍ ነው? አቆምሁ። አምስት ሆንን። በሊብሬው ልክ ነን፣ ድምፅ የለም።

ትንሽ እንደሄድን አያ ፈንታ በበትራቸው የወንበሬን ጀርባ መታ መታ አደረጉ። ከፊታችን ያለው ሰው አበልጃቸው ነው፤ ሦስት ማረሻ ከአንጥረኛ አሠርቶ በጆንያ ተሸክሞ ዳገቱን ይወጣል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በኛ አገር መንገድ ላይ «ሞልቷል» የሚባለው ለማያውቁት ሰው ነው፤ እሱም ቢሆን በሹፌር አፍ። ልጁን በክርስትና ያነሣህለትን ሰው አይተህ መስኮት ብትዘጋ ወሬው ካንተ ቀድሞ ገሳይ ይገባል። አበልጅ ገባ፤ ማረሻው ከኋላ ተጫነ። ስድስት። በመጀመሪያው ኩርባ ላይ ከኋላ በግራ በኩል «ግርርር» የሚል ነገር ሰማሁ። ሬዲዮ ከፈትሁ።

ሦስተኛው ተሳፋሪ የጋሽ ሞገስ ነው። ከሩቅ አንድ በግ የሚጎትት ሽማግሌ ሰው አዩና ፊታቸው ተለወጠ። ይህን ሰው፣ አሉን፣ በመዝገብ ቤት ሳለሁ ሰባት ዓመት «ነገ ና» እያልሁ አመላልሼዋለሁ፤ ዛሬ ደግሞ በመኪና ተቀምጬ ባልፈው በሰማይ ምን ብዬ ልመልስ ነው። መምሬ ራሳቸውን ነቀነቁ። አቆምሁ። ሰውዬው ከአራት ሰው ጋር ከኋላ ተጠቀጠቀ፣ በጉ ከማረሻው ጋር ተጫነ። ሰባት ሰው፣ አንድ በግ፣ ሦስት ማረሻ፣ ሃያ ሊትር ጸበል። ስሕተቴ ያለው እዚህ ነው፤ አገኛችሁት። እኔ አምስት የሚለውን የሊብሬውን ቁጥር አምኜ ነው የሠራሁት። በደቡብ ጎንደር መንገድ ላይ አምስት መጨረሻ ሳይሆን መነሻ መሆኑን ሳውቀው ኖሬ፣ ቾክ ስይዝ ረሳሁት።

ከዚያ ወዲያ ድምፁ ማቆሚያ አጣ። ሬዲዮውን ባስጮኸውም ከሬዲዮው በላይ ይጮኻል። የመንገዱ ድምፅ ነው አልኋቸው። እማሆይ ውዳሴ ማርያም ጀመሩ። ጋሽ ሞገስ ሽታ ሸተተኝ አሉ። አያ ፈንታ ግን ጆሯቸውን ወደ መስኮቱ ጣል አድርገው ሲያዳምጡ ቆዩና፣ «ቀንበሩ አልተስማማውም። በሬው አንገቱን እየተላጠ ነው» አሉ። ኦፍሴት የሚባል ቃል ሰምተው የማያውቁ ሰው ናቸው። እኔ ሁለት ሰሌዳ ሙሉ የጻፍሁትን በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። መሪውን ጠበቅ አድርጌ ያዝሁ። የዳገቱ ወገብ ላይ ስንደርስ ከኋላ ጭስ ታየና ቆምን።

ሁሉም ወረደ። የኋላ ጎማዎቹ ትከሻቸው ዙሪያውን ተልጧል፣ የጎማው ፍቅፋቂ ከፓራፋንጎው ሥር ተንጠልጥሏል። ረጋ ብዬ ሁኔታውን አስረዳሁ፤ መኪናዋ ምንም አልሆነችም፣ አምስት ሰው ስንሆን ትሄዳለች፣ ስለዚህ ሁለት ሰው ቢወርድ ነገሩ ያልቃል አልሁ። ይህን ለጨዋ ሰው መናገር ትልቅ ጥፋት ነው። አበልጅ ጆንያውን ሊያወርድ ሮጠ። አያ ፈንታ አበልጄ በእግሩ ሄዶ እኔ በመኪና አልሄድም፣ በሥላሴ አሉ። ባለበጉ እኔ ነኝ የመጨረሻው እኔ ልቅር ሲል ጋሽ ሞገስ ሰባት ዓመት አመላልሼህ ዛሬም ላስኬድህ ነው ብለው ምለው ወረዱ፤ ቀድሞም ወርደው ስለነበር ዳግመኛ አልገባም ማለታቸው ነው። እማሆይ እግዜር ለመሄጃ ነው እግር የሰጠኝ አሉ። መምሬ ደግሞ መነኩሲት በእግር ስትሄድ ቄስ በመኪና ቢሄድ ቤተ ክርስቲያን ምን ትላለች አሉ። ግማሽ ሰዓት ተማማሉ። በመጨረሻ ሁሉም የማለው ጸናና አንድም ሰው የሚሳፈር ጠፋ።

እንዲህ ሆኖ ነው ጉዞው የቀጠለው። እነርሱ ስድስቱ በእግራቸው ከፊት፣ እኔ በባዶ መኪና ከኋላቸው። ባዶ ስል ሰው የለም ማለቴ ነው፤ በጉ መራመድ አሻፈረኝ ብሎ ከኋላ ወንበር ላይ ተኝቷል። አንድም ድምፅ የለም። ጎማው ንቅንቅ የለ፣ ፍትጊያ የለ። በመስኮት ብቅ ብዬ፣ «አዳምጡ፣ ሰማችሁ? ምንም የለም» አልኋቸው። ማንም ዞር አላለም። እስከ ገሳይ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት ነው፤ ለመኪናዬ ግን ቀላል ሆነላት።

እማሆይና አበልጅ ከገሳይ መግቢያ ላይ ዕቃቸውን ወስደው መርቀውን ተለዩ። ባለበጉ ግን በጉ ከመኪናው አልወርድ ስላለው አብሮን መጣ። ጋሼ አዳነ ካፖርታቸውን ደርበው ደጃቸው ላይ ቆመዋል። ከሩቅ ጀምረው አይተውናል። መጀመሪያ ሦስት ሽማግሌዎች በላብ ተጠምቀው፣ ነጠላቸው ወርዶ፣ አንዱ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ደረሱ። ቀጥሎ የሚያብረቀርቅ ቸርኬ ያላት አንዲት መኪና፣ ከኋላ ወንበሯ ላይ አንድ በግ ተጋድሞ፣ ቀስ ብላ መጥታ ቆመች። ጋሼ አዳነ በጉን አዩት፣ ሽማግሌዎቹን አዩ፣ ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ «ሽማግሌው የትኛው ነው?» አሉኝ።

እኔ በጉን ለማውረድ ስታገል እነርሱ ገቡ። ትልቁ ጥፋት የተፈጸመው ያኔ ነው።

የሽምግልናን ደንብ የማያውቅ የለም። ለልጅ ጥያቄ የሄደ ሽማግሌ ቁጭ በሉ ሲባል አይቀመጥም። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም፣ እህል ውሃም አንቀምስም ብሎ በሩ ላይ ይቆማል፤ የልጅቱ አባት የሚጨነቀው በዚህ ቁመት ነው። ሦስቱም ይህን ሲያደርጉ የኖሩ ሰዎች ናቸው። አራት ኪሎ ሜትር ዳገት የወጡት ግን ዛሬ ብቻ ነው። ጋሽ ሞገስ አጎዛ የተነጠፈበት መደብ አዩና እግራቸው ሳይጠይቃቸው ተቀመጠ። መምሬ እርሳቸውን ለማስነሣት ጎንበስ ብለው እዚያው ቀሩ። አያ ፈንታ ውሃ ለመኑ፣ መጣላቸው፣ እስከ ጥግ ጠጡት። ባለበጉማ ምኑንም ስለማያውቅ ተደላድሎ ተቀምጦ ጠላ ያዘ።

በጉን አስሬ በሩ ላይ ስደርስ ጋሼ አዳነ ፈገግ ብለዋል። «እኔ ደግሞ ለጉዳይ የመጣችሁ መስሎኝ ነበር፣ ለካ በእንግድነት ነው፣ ቤት ለእንግዳ» እያሉ ምግብ ያዝዛሉ። ሦስቱ ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ተቀምጠው፣ ጠጥተው፣ አሁን ደግሞ ሊበሉ ነው፤ ከዚህ በኋላ ያን ቀን ጉዳዩን ማንሣት ነውር ነው። የሚቀጥለው እሑድ ደግሞ የነጋዴው ነው። ከጓዳው በር ላይ ብርቱካን የእጅ ማስታጠቢያ ይዛ ቆማለች። ለማን እንደምታስታጥብ ጠፍቷታል፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ደሳለኝ በስልክ ያለኝ ትዝ አለኝ፣ እኔም አይዞህ ያልሁት። ሁሉም የሆነው በኔ ቸርኬ ነው።

«ግባና ተቀመጥ እንጂ፣ መምህር» አሉ ጋሼ አዳነ።

«አልቀመጥም፣ ጋሼ። ጉዳይ አለኝ።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። እጄ እስከ ክንዴ የጎማ ጥቁር ነው፣ ኮቴ ላይ የበግ ጸጉር አለ።

«አንተ ሽማግሌ ነህ?»

«አይደለሁም። እነርሱ ግን የተቀመጡት ደንብ ስተው አይደለም፣ እኔ ዳገት አስወጥቻቸው ነው። ስለዚህ የእነርሱን ቁመት እኔ እቆምላቸዋለሁ።»

ገበታ ቀረበ። ጥብሱ ሲንጫጫ፣ ሌላው ሲበላ፣ ሽማግሌዎቹም በፍርሃት እያላመጡ ሳለ እኔ በሩ ላይ እንደ ምሰሶ ቆሜያለሁ። ጥብሱን አለማየት አልቻልሁም። እንደኔ ተማሪ ፊት ቆሞ ያረጀ ሰው ግን ለመቆም አይሰንፍም፤ ከዚያ ቤት ውስጥ በመቆም የሚረታኝ አልነበረም። ጋሼ አዳነ እንደ ማንም ሰው በልተው፣ ታጥበው፣ አፋቸውን ጠርገው ተነሡና በአጠገቤ አልፈው ወጡ። ተከተልኋቸው።

የኋላውን ጎማ በእግራቸው ገፋ አደረጉ። ጎንበስ ብለው ጣታቸውን በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ለማስገባት ሞከሩ፤ ጥፍራቸው ብቻ ገባ። የተላጠውን ትከሻ ዳሰሱ። ማን እንደለካው ጠየቁኝ። እኔ ነኝ አልሁ፣ ስፋቱንም ኦፍሴቱንም ከሃያ ዘጠኙ እስከ ሠላሳ ሁለቱ ሳላስቀር አስረዳኋቸው።

«ለስንት ሰው ብለህ ነው?»

«ለአምስት።»

«ስንት ጫንህ?»

«ሰባት። አንድ በግም አለ።»

«አምስት መሆኑን ካወቅህ ለምን ጫንህ?»

ብዙ ጥሩ መልስ ነበረኝ። መምሬ አቁም ብለውኝ ነው ልል እችል ነበር፣ እውነትም ነው። በአፌ የመጣው ግን፣ «አይቼ ማለፍ አቃተኝ» የሚል ነው።

ጋሼ አዳነ ወደ ጉና በኩል ዞር አሉ። ከዚያ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል፣ «እኔ ስንቱን አልፌያለሁ» አሉ። «እዚያ ላይ አንድ ክረምት አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ። ዝናብ ነበር። ሞልቷል ብዬ አለፍኋቸው፤ ጋቢና ውስጥ ቦታ ነበረኝ። በመስተዋት አየኋቸው፣ እጃቸውን አላወረዱም። መኪናውን ከሸጥሁት ስንት ዓመቴ፣ እኒያ ሰው ከመስተዋቱ አልወረዱም።» እሑድ ጠዋት ቸርኬ ላሳይ የመጣሁ ሰው ይህን እሰማለሁ ብዬ አልጠበቅሁም። አብሬያቸው ቆምሁ።

ተመልሰው ገቡና ሽማግሌዎቹን፣ «በሉ ተነሡ» አሏቸው። ደነገጡ፤ የተባረሩ መሰላቸው። «ውጡና እንደ ደንቡ ግቡ። እኔም አልበላሁ፣ እናንተም አልበላችሁ።» ጋሽ ሞገስን ለማስነሣት ሁለት ሰው አስፈለገ። ሦስቱም ወጥተው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ በር አንኳኩተው ገቡ። ጋሼ አዳነ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው እንዳላየ ሰው ማን ናችሁ፣ ምን ፈለጋችሁ፣ እስቲ ተቀመጡ አሉ። ሦስቱም በአንድ ድምፅ አንቀመጥም አሉ። ባለበጉም አብሮ ተነሥቶ አንቀመጥም አለ፣ ምክንያቱን ባያውቅም። መምሬ መስቀላቸውን ይዘው፣ ልጅዎን ለልጃችን ብለን ደጅ ጠንተናል ብለው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው በሥርዓት አሉት፤ ከቅድሙ ይልቅ አሁን ጠግበው ስለነበር አነጋገራቸው አማረ።

ጋሼ አዳነ፣ «ሰጥቻለሁ» አሉ።

ከጓዳ እልልታ ወጣ። ማስታጠቢያው ከብርቱካን እጅ ወድቆ ውሃው እስከ እግሬ መጣ። እኔ መጀመሪያ ያገኘሁት ነገር ላይ ተቀመጥሁ፤ የገብስ ጆንያ ነው። ለደሳለኝ ስደውልለት ቃል አልወጣውም፣ ሲያለቅስ ብቻ ነው የሰማሁት፤ እኔም አለቀስሁ፣ ይኸው ተናገርሁት። የተረፈውን ጥብስ ለብቻዬ በላሁ። ያን የሚያክል ጥብስ ከዚያ ወዲህ አልበላሁም።

ስንወጣ አራት ሆነን ተሳፈርን። ባለበጉ በጉን እየጎተተ በእግሩ ሄዷል፤ በጉ መኪናውን ዞሮ ዞሮ ያይ ነበር። ጋሼ አዳነ እስከ ደጅ ሸኙን፣ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ ተሰናበቱ፣ የመኪናዋን በር ራሳቸው ዘጉ። ሞተር ካስነሣሁ በኋላ በኔ በኩል ባለው መስኮት ጎንበስ አሉ። ስለ ጭነት ሊመክሩኝ ነው ብዬ ስለ ኦፍሴቱ የምመልሰውን አዘጋጀሁ።

«እንግዲህ ዘመድ ሆነናል» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በባዕድነት ቢሆን አልነግርህም ነበር። ቸርኬው አያምርም።»

እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ተሰናበትሁ። ምን ልበል፣ ልጃቸውን ሰጥተውናል።